ለደብረ ማርቆሷ ቅባት አዘጋጅ እናት የቀረበ ምስጋና

ባለፈው መስከረም እናቴ እንጀራ ሲጋግሩ የጋለ ምጣድ ክንዳቸውን አቃጠላቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሲገባን በድንጋጤ ቅቤ ቀባንበት፤ ቅቤው ግለቱን አምቆ ስለያዘው ሕመማቸው ባሰ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ የደረሱልንን፣ በደብረ ማርቆስ ከእሬት፣ ከማርና ከሰም የቆዳ ቅባት የሚያዘጋጁ አንዲት እናት ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጠራ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬአለሁ።

መጀመሪያ ስንሄድ ቅባቱን ሳይሸጡልን ነው የመለሱን። ፋሻውን ፈትተው የእናቴን ክንድ በመስኮቱ ብርሃን ካዩ በኋላ፣ የስኳር በሽታ ይኖርባቸው እንደሆነና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደው እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም «ልጄ፣ አፉ ያልገጠመ ቁስል የእኔ ቅባት አይነካውም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ጤና ጣቢያ ተመላልሰን ቁስሉ ከገጠመ በኋላ ግን አዲሱ ቆዳ እየደረቀና እያሳከከ እናቴን እንቅልፍ ስለነሳቸው ተመልሰን ሄድን።

ሲያዘጋጁ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። የእሬቱን ቅጠል ከሥሩ ቆርጠው ሳህን ላይ ዘቅዝቀው ያቆሙትና፣ ቆዳን የሚያስቆጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ልጣጩን ገፍፈው የጠራውን ውስጡን ብቻ ያወጣሉ። ሰሙን በኑግ ዘይት ውስጥ፣ በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ያቀልጡና ለብ ሲል እሬቱንና ማሩን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያማስሉታል። እሬት ውኃማ በመሆኑ ቶሎ ስለሚበላሽ የተሠራበትን ቀን ክዳኑ ላይ ይጽፋሉ፤ ከሳምንት በላይ እንዳናስቀምጠውም አጥብቀው ነገሩን። መጀመሪያም በእናቴ ደኅና ክንድ ላይ ጥቂት ቀብተው፣ ሽፍታ አለመውጣቱን በማግስቱ ካዩ በኋላ ነው የሰጡን።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳከኩ ቀለለ፤ ቆዳውም ለሰለሰ። ጠባሳው ዛሬም አለ፣ እሳቸውም ይጠፋል ብለው አልዋሹንም። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይነገር «ሁሉን ይፈውሳል» ተብሎ የሚሸጥ ቅባት በበዛበት ጊዜ፣ የእጃቸውን ሥራ ልክ የሚያውቁ ባለሙያ ማግኘታችንን እንደ ትልቅ ዕድል እቆጥረዋለሁ። እናታችን፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

ቅባቱን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ቤታቸውን አመላክታለሁ፤ ቁስሉ ገና ያልዳነ ከሆነ ግን እሳቸው ዘንድ ከመሄዱ በፊት ጤና ጣቢያ ይታይ፣ አለዚያ እንደ እኛ ይመልሱታል።