ጎግል ስኮላርን በአንድ ሰው ስራ ፈተንኩት፣ ሌፍኮዊትዝን ከ1970 እስከ ኖቤል

ፋርማኮሎጂ የምትማሩ ልጆች ይሄ በተለይ ለናንተ ነው። ጎግል ስኮላርን (የሳይንስ ፔፐር መፈለጊያውን) አብዛኞቻችን የምንከፍተው ቴሲስ ማስረከቢያ ሲደርስ ሪፈረንስ ለመልቀም ነው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ሰሞኑን ግን አንድ ሳይንቲስት መረጥኩና ከመጀመሪያዎቹ ፔፐሮቹ ጀምሬ ስራው የት የት እንደደረሰ ተከተልኩት፣ ሮበርት ሌፍኮዊትዝን፣ እና በጣም ነው የወደድኩት። (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)

ሰውየው የልብ ሐኪም ነው፣ ተመራማሪ እሆናለሁ ብሎ አልተነሳም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወጣት ሐኪሞች ለውትድርና ስለሚጠሩ ግዴታውን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ላብ ገብቶ ነው የተወጣው፣ 1968 ላይ። የተሰጠው ስራ ኤሲቲኤች የሚባለውን ሆርሞን በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት አድርጎ ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ሪሴፕተር መፈለግ ነበር፣ ያኔ እኮ ሪሴፕተር የሚባል ነገር በእውን መኖሩን የሚጠራጠሩ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ረጅም ጊዜ አልሆንልህ አለው፣ ከዛ 1970 ላይ ተሳካና ፔፐሩ ወጣ። 1973 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እስከ ኖቤሉም እዛው ነው የሰራው።

አሁን ወደ ሰርቪሱ ልምጣ። ስኮላር ላይ ከእያንዳንዱ ፔፐር ስር "ሳይትድ ባይ" የሚል አለ፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፣ ስትነኩት ያንን ፔፐር የጠቀሱት በሙሉ ይመጣሉ። ብዙ ሰው የማይነካት ግን ከላይ ያለችው ትንሿ ሳጥን ናት፣ በጠቀሱት ውስጥ ብቻ ፈልግ የምትለው። እኔ ደ ሊን፣ ስታዴልና ሌፍኮዊትዝ በ1980 ያወጡትን የተርነሪ ኮምፕሌክስ ፔፐር ከፈትኩ፣ ሳይትድ ባይን ነካሁ፣ ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርጌ "ክሪስታል ስትራክቸር" (ፕሮቲንን ክሪስታል አድርጎ የሚገኝ የቅርጹ ምስል) ብዬ ፈለግኩ፣ ከዛ ከጎን ያለውን የአመት ማጣሪያ እየቀያየርኩ ሐሳቡ ሲያድግ በአይኔ አየሁት። በ1980 እነዚህ ሰዎች የነበራቸው የባይንዲንግ ከርቭ (መድሃኒቱ ከሪሴፕተሩ ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ የሚያሳይ ግራፍ) እና ሒሳብ ብቻ ነው፣ ከዛ ተነስተው መድሃኒቱ፣ ሪሴፕተሩና ጂ ፕሮቲኑ (መልእክቱን ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፈው) ሶስቱ አንድ ላይ ሲያያዙ ነው ሪሴፕተሩ አጎኒስቱን፣ ማለትም የሚያነሳሳውን መድሃኒት፣ አጥብቆ የሚይዘው አሉ። 1986 የቤታ 2 ሪሴፕተር (አድሬናሊን ከሚያርፍባቸው አንዱ) ጂን ተገኘና ብርሃን ከሚቀበለው የአይናችን ፕሮቲን ከሮዶፕሲን ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ቁጭ አለ፣ በ2011 ደሞ ሌፍኮዊትዝ ላብ የሰለጠነው ብራያን ኮቢልካ ሪሴፕተሩንና ጂ ፕሮቲኑን እንደተያያዙ በክሪስታል አሳየን። በሒሳብ የተባለው ነገር ከ31 አመት በኋላ በምስል ታየ ማለት ነው፣ በቀጣዩ አመት 2012 ሌፍኮዊትዝና ኮቢልካ የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። የአስም በሽተኛ ሳልቡታሞል ሲስብ የሚሰራው በዚሁ ቤታ 2 ሪሴፕተር ላይ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ከኛ ሩቅ አይደለም።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ የሌፍኮዊትዝ ኤች ኢንዴክስ ከ200 በላይ ነው። ያ ማለት ቢያንስ 200 ፔፐሮቹ እያንዳንዳቸው 200 ጊዜና ከዛ በላይ ተጠቅሰዋል፣ እጅግ የሚገርም ነው። ግን እባካችሁ ሰውን በዚህ ቁጥር ብቻ አትመዝኑ። ቼንግና ፕሩሶፍ በ1973 አይሲ 50ን (ግማሹን ለማገድ የሚበቃውን የመድሃኒት መጠን) ወደ ኬአይ (መድሃኒቱ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያያዝ የሚለካ ቁጥር) የሚቀይር ፎርሙላ አወጡ፣ ባይንዲንግ የሚሰራ ሁሉ ስለሚያስፈልገው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጀምስ ብላክ ደሞ ብዙ እድሜውን የመድሃኒት ካምፓኒ ውስጥ ነው የሰራው፣ የልብ መድሃኒቱ ፕሮፕራኖሎልና የጨጓራው ሲሜቲዲን የሱ ስራ ናቸው፣ 1988 ኖቤል ወስዷል፣ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለውን ውጤቱን የትኛው ኢንዴክስ ይቆጥረዋል? ቁጥሩ ስንት ሰው እንደጠቀሰው እንጂ ለምን እንደጠቀሰው አይነግራችሁም፣ ለምኑን ለማወቅ ፔፐሩን ከፍቶ ማንበብ ነው።

ጉድለት አለው። ቴሲሱንም ፕሪፕሪንቱንም (ገና በገምጋሚ ያልታየ ፔፐር) አንድ ላይ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ስኮፐስ ከሚባለው ሌላ የፔፐር ዳታቤዝ ከፍ ይላል፣ አንድ ፍለጋ ላይ ደሞ ከ1000 ውጤት በላይ አያሳይም፣ ስለዚህ በጣም የተጠቀሰ ፔፐር ሲሆን በአመት እየከፋፈላችሁ ካልፈለጋችሁ ብዙ ያመልጣችኋል። ከ5 ኮከብ 4 የሰጠሁት ለዚህ ነው። ነፃ ነው፣ በሞባይልም ይሰራል፣ የ1970ውም የ1980ውም ፔፐር ሙሉው ሳይከፈልበት ይነበባል።

ፕሮፋይል ለምትከፍቱ ሐበሾች ደሞ አንድ ነገር፦ ስኮላር የአባታችንን ስም ነው እንደ ቤተሰብ ስም የሚወስደው፣ የራሳችን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ትቀራለች፣ እና "ኤ ከበደ" ስንት ሰው እንደሆነ አስቡት። የሌላ ሰው ፔፐር እንዳይገባባችሁ አዲስ ፔፐር በራሱ ጨምር የሚለውን አጥፉና መጀመሪያ በኢሜል ጠይቀኝ የሚለውን ምረጡ፣ ስማችሁንም ከመጀመሪያው ፔፐር ጀምሮ በአንድ ስፔሊንግ ብቻ ጻፉ።