ለጠመንጃዬ ጉርሻ ስመርጥ

አያቴ ምንሽር ነበራቸው። ምንሽር እንኳ ጥይቱን የሚጎርሰው ከኋላ ነው። እኔ የልጅ ልጃቸው አሜሪካ ገብቼ፣ አውሮራ ኮሎራዶ ተቀምጬ፣ ባሩድና ጥይት በአፈሙዙ እያጎረስኩ የማድን ሰው ሆንኩ። እናቴ በስልክ ስትሰማ «አንተ፣ ወደ ቴዎድሮስ ዘመን ተመለስክ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ወድጄ አይደለም። ኮሎራዶ ለማዝልሎደር፣ ማለትም በአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ፣ የለየችው ወቅት መስከረም ላይ ነው። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። የእንቁጣጣሽ ዶሮ ሳያልቅ ማለት ነው። ወንዱ ኤልክ፣ ግዙፉ የአጋዘን ዘመድ፣ ሴት ፍለጋ ተራራውን በፉጨት የሚያናውጠውም ያኔ ነው። ዘመናዊ ጠመንጃ የያዘው ሕዝብ ገና ጫካውን አልወረረም። ፈቃዱ በዕጣ ነው፤ ማመልከቻው ሚያዝያ ሳይገባ ገደማ ያልቃል። ዕጣው ሲደርሰኝ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ሕጉ ጠበቅ ይላል። መነጽር ጠመንጃው ላይ መግጠም የለም፤ በዓይን ብቻ ነው። እንደ ክኒን የተጠፈጠፈ ባሩድ አይፈቀድም፤ ዱቄቱን ሰፍሮ ማፍሰስ ነው። ሳቦት የሚሉት ጥይቱን የሚጠቀልለው የፕላስቲክ ኩባያም ክልክል ነው። ለኤልክ ከ50 ካሊበር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ከሚሰፋ ቱቦ፣ ያነሰ ጠመንጃ አይያዝም፤ ለአጋዘን 40 ይበቃል። ሳቦት ከሌለ ደግሞ ጥይቱ ራሱ ቱቦውን ሞልቶ መቀመጥ አለበት። የኔ ጣጣ የጀመረው፣ ዛሬ የምገመግምላችሁን ቶር የሚባል ጥይት ያስገዛኝም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩን «የኔ 50 ነው፣ የቱን ልውሰድ?» አልኩት። «50 50 ነው፣ ማንኛውም ይሆናል» አለኝ። ከኋላው ትንሽ የፕላስቲክ ቀሚስ ያለው ጥይት አንስቶ ሰጠኝ። ይኼኛው ሳቦት አይባልም፣ ሕጋዊ ነው። ለመጎስጎስም ቀላል ነው፤ በአንድ ጣት ግፊት ሸርተት ብሎ ይገባል። ደስ አለኝ። መደሰት አልነበረብኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠመንጃውን አፉን ቁልቁል አንግቼ ረጅም ዳገት ወረድኩ። እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ተቀመጥኩ። መጠቅጠቂያ ዘንጌ ላይ ምልክት አለኝ፤ ጥይቱ ባሩዱ ላይ በትክክል ሲቀመጥ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል። እስቲ ልየው ብዬ ዘንጉን አስገባሁ። ምልክቱ ሁለት ጣት ከጠርዙ በላይ ቀረ። ጥይቱ ከባሩዱ ተላቆ ወደ ፊት ተንሸራቷል ማለት ነው። በባሩዱና በጥይቱ መካከል ባዶ ቦታ ካለ ጥይቱ እንደ ቡሽ ይሆናል፤ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል። ያን ጠዋት ኤልክ ብታጋጥመኝ ኖሮ ፊቴ አጠገብ ነበር የምተኩሰው። ምሳው አልበላ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ጠመንጃው ላይ የተጻፈው 50 ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም። ቱቦ ከቱቦ ይለያል። አንዱ ጠበብ ይላል፣ አንዱ ሰፋ ይላል። ጫማ ቤት ገብታችሁ 42 ቁጥር ብትሉ አንዱ ይጠብቃል አንዱ ይሰፋል አይደል? እንደዚያ ነው። ልዩነቱ በኢንች ሺኛ የሚቆጠር ስለሆነ በዓይን አይታይም።

ወደ ግምገማዬ ልምጣ። ዘንድሮ የማወራላችሁ ቶር የሚባለውን ጥይት፣ በተለይም የመለኪያ ፓኬቱን ነው። ጥይቱ ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው፣ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ሹል አለው፣ ያለ ሳቦት ይገባል። የወደድኩት ግን በአራት ልክ መሠራቱን ነው፦ 0.500፣ 0.501፣ 0.502 እና 0.503 ኢንች። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ጸጉር ውፍረት ነው። ፓኬቱ ከየልኩ ናሙና ይዞ ይመጣል። ልካችሁን ካወቃችሁ በኋላ ነው ሙሉ ሳጥን የምታዙት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ለካሁ። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዘንጉ አረጋገጥኩ። የኋላውን መዝጊያ ብሎን ፈታሁ፤ ብርሃን በቱቦው አልፎ እስኪታይ ወለወልኩት። ከዚያ ከትንሹ ጀመርኩ። 0.500 ምንም ሳልነካው ቁልቁል ወርዶ እግሬ ሥር ዱብ አለ። 0.501 በዘንጉ ክብደት ብቻ ሄደ። 0.502 ላይ እጄ ሥራ ያዘ፤ ገፋ ሳደርገው እኩል ግፊት እየጠየቀ፣ ሳይቆራረጥ ወረደ። 0.503 አፉ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። በመዶሻ ካልሆነ አይገባም። ጫካ ውስጥ እጅ እየተንቀጠቀጠ ሁለተኛ ጥይት ለማጉረስ መዶሻ የሚፈልግ ሰው አያድንም።

ጉርሻ ነው ነገሩ። ሲያንስ ቅር ያሰኛል፣ ሲበዛ ያንቃል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል፤ በዚህ ጠመንጃ ግን ብዙ ጊዜ ያለችን ያቺው አንዷ ናት።

0.502ን ያለ ባሩድ ውስጥ አስቀምጬ፣ ጠመንጃውን አፉን ቁልቁል ይዤ ብርድ ልብስ ላይ ደጋግሜ አነጠርኩት። በዘንጉ ስለካው ምልክቱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። በዚያው ቀን ሙሉ ሳጥን አዘዝኩ።

መጥበቁ ሌላም ጥቅም አለው። እኔ የምጠቀመው ብላክሆርን 209 የሚባለውን ባሩድ ነው። ይኼ ባሩድ በደንብ የሚነደው ከፊቱ የሚቋቋመው ነገር ሲኖር ነው። ጥይቱ ከላላ እሳቱ ይልከሰከሳል፣ ተኩሱም ወጥ አይሆንም። በጎ ጎኑ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቱቦውን መወልወል አያስፈልገውም። ሌሎቹ ጥቀርሻቸው ስለሚጋገር በተለይ ሁለተኛውን ጥይት ማስገባት ትግል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ባሩዱ የሚሰፈረው በስፍር ነው እንጂ በክብደት አይደለም። በስፍር 100 ግሬይን (የባሩድና የጥይት መለኪያ ነው) የምንለው ሚዛን ላይ 70 አካባቢ ነው። ሚዛን ላይ 100 የመዘነ ሰው አደገኛ ስህተት ሠራ ማለት ነው።

ባለ 300 ግሬይኑን ነው የመረጥኩት፤ ወደ 19 ግራም ተኩል ይሆናል። በ60 ያርድ፣ 55 ሜትር ገደማ፣ ሦስት ጥይት በስኒ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባልኛል። ከ80 ያርድ በላይ አልተኩስም። ጥይቱ ሰንፎ አይደለም፤ ዓይኔ ነው። 385 ግሬይን የሚመዝነውን የእርሳስ ጥይትም ሞክሬዋለሁ። ለኤልክ የሚናቅ አይደለም፣ ዋጋውም ለኪስ ይቀላል፣ ልስልስ ስለሆነ የቱቦውን ልክ እሱ ራሱ ይፈልጋል። ትከሻዬ ግን እስከ ማግስቱ ያስታውሰው ነበር። ክቡን አረር በጨርቅ ጠቅልለው የሚያጎርሱም አሉ። ለአጋዘን በቅርብ ርቀት ግሩም ነው። 300 ኪሎ ለሚሆን ወንድ ኤልክ ግን ልቤ አይሞላም። ክቡ አረር ደግሞ የውስጡ ጥምዝ ቦይ ቀስ ብሎ የሚዞር ቱቦ ይወዳል፤ የኔ በ28 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ስለሆነ ለረጅም ጥይት ነው የተሠራው።

መዳብ የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ባለቤቴ ናት። «እርሳስ የተበታተነበትን ሥጋ ለልጆቼ አላበላም» አለች። እውነቷን ነው። እርሳስ አጥንት ሲመታ ይፈረካከሳል፤ መዳብ እንደ አበባ ተከፍቶ አንድ ላይ ይሄዳል።

ባለፈው መስከረም የሴት ኤልክ ፈቃድ ደረሰኝ። ጎህ ሲቀድ ከአስፐኑ ዛፎች ወጥታ በ55 ያርድ ጎኗን ሰጠችኝ። ተኮስኩ። ጭሱ ሸፈነኝ። ሲገለጥ አርባ እርምጃ ያህል ሄዳ ወድቃለች። ጥይቱ ሁለቱንም ሳንባ በስቶ በማዶ ወጥቷል፤ ስለዚህ አበባውን ላሳያችሁ አልችልም። ሮጬ «በስመ አብ» ብዬ አንገቷን ባረኩ። እናቴ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነውና።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቤት ሙሉ ሥጋ ይዘን ሽሮ በላን።

ክትፎ የጠየቃችሁኝ ጓደኞቼ፣ መልሴ ያው ነው። የዱር ሥጋ በጥሬው አልበላም፣ አላበላምም። በኮሎራዶ አጋዘንና ኤልክ ላይ የሚታይ የአንጎል በሽታ ስላለ ጭንቅላቱን አስመርምሬ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አቆየሁት። ከዚያ በሮዝመሪ ጥብስ ሆነ።

ጉድለቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ቶር ርካሽ አይደለም። ለልምምድ ሳጥን ሙሉ መተኮስ ኪስ ይጎዳል። ሱቅ ገብቶም የራስን ልክ መደርደሪያ ላይ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሰኔ ላይ ማዘዝ ይሻላል። እኔ እንደገና እገዛዋለሁ።

ጓደኛዬ የኔው ዓይነት ጠመንጃ፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ሞዴል ገዛ። «የኔ 0.502 ነው፣ ያንተም ያው ይሆናል» አልኩት። ያ ሻጭ ያለኝን መልሼ ማለቴ ነው። ጋራዥ ወስደን ሞከርነው። አፉ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። የሱ 0.501 ነው። ከፓኬቱ የተረፉትን ተውሶኝ ሄደ፤ እስካሁን አልመለሰም።