ባለ ሁለት ድንጋዩ የቆርቆሮ ባትሪ፦ ብርሃኑ ደካማ፣ ሕመሙ ግልጽ

ሁለት ትላልቅ ድንጋይ የሚጎርሰው፣ ገላው የተሸነሸነ ቆርቆሮ የሆነው፣ በአውራ ጣት ተገፍቶ የሚበራው የእጅ ባትሪ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። አምፖሉ የሚያወጣው ብርሃን 10 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ በአንዲት ቀጭን ድንጋይ የምትሠራ ደህና የኤልኢዲ ባትሪ በብዙ እጥፍ ትበልጠዋለች። ከባድም ነው፤ አልካላይን የተባለውን የድንጋይ ዓይነት ከጎረሰ ድንጋዮቹ ብቻ ወደ 280 ግራም ይመዝናሉ። ይህን ሁሉ አስገብተንም እንመክረዋለን። ከእጅ ባትሪ ሁሉ ሕመሙን ራሱ የሚናገር ይህ ነውና። ሲደበዝዝ የደበዘዘበት ቦታ አለው፤ ያ ቦታ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይነካል፣ አብዛኛውን ጊዜም በላጲስና በብርጭቆ ወረቀት ይድናል።

አሠራሩ ከጥንቱ ብዙ አልራቀም። ዴቪድ ሚሴል እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ባገኘበት ንድፍ ድንጋዮቹ በቱቦ ውስጥ ተደርድረው፣ አምፖሉና አንጸባራቂው ከፊት ተቀምጠው ይታያሉ። ዛሬ በእጃችን ያለውም ያው ነው።

ይህን ባትሪ ለማወቅ የኤሌክትሪኩን መንገድ አንድ ጊዜ በጣት መከተል ይበቃል። ከፊተኛው ድንጋይ ጫፍ ተነስቶ አምፖሉ ሥር ወዳለችው የእርሳስ ነጠብጣብ ይገባል፤ በአምፖሉ አንገት በኩል ወጥቶ ወደ አንጸባራቂው፣ ከአንጸባራቂው ወደ ማብሪያው የናስ ምላስ፣ ከምላሱ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ኋላ ክዳን፣ ከክዳኑ ወደ ሞላው፣ ከሞላው ወደ ኋለኛው ድንጋይ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ከኋለኛው ድንጋይ ወደ ፊተኛው ያልፋል። ስትቆጥሩት ስምንት ብረት ከብረት የሚገናኝበት ቦታ አለ። የዚህ ባትሪ ችግር ከሞላ ጎደል ሁሉ ከእነዚህ ስምንቱ በአንዱ ላይ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። የተለመደው አምፖል ሲበራ ያለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ፣ 4.8 ኦም አካባቢ ነው። ስምንቱ መገናኛዎች በዝገትና በቆሻሻ ምክንያት በድምሩ ግማሽ ኦም ቢይዙ፣ አምፖሉ ጋ ከሚደርሰው ቮልቴጅ አንድ አሥረኛው በመንገድ ይቀራል። ትንሽ ይመስላል። የአምፖል ብርሃን ግን ከቮልቴጁ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው፤ አሥር በመቶ ቮልቴጅ ሲጎድል ከብርሃኑ ሲሶ የሚጠጋው ይጠፋል፣ የተረፈውም ወደ ቀይ ያደላል። ብዙ ሰው ድንጋዩ አለቀ ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው እንዲህ ይፈትሽ። ድንጋዮቹን አውጥታችሁ ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርጉ፤ መጀመሪያ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝታችሁ የራሳቸውን ንባብ ያዙ፣ ብዙውን ጊዜ 0.2 ወይም 0.3 ይላል። ከዚያ ሦስት ቦታ ለኩ፦ ከሞላው ጫፍ እስከ ክዳኑ ጥርስ (ተዞሮ የሚጠብቅበት)፤ ማብሪያው በርቶ ከቱቦው የኋላ ጥርስ እስከ ናስ ምላሱ የፊት ጫፍ፤ ከአምፖሉ አንገት እስከ አንጸባራቂው ጠርዝ። ሦስቱም ከመጀመሪያው ንባብ እምብዛም መብለጥ የለባቸውም። የበለጠው ቦታ ላይ ሥራ አላችሁ ማለት ነው። ቴስተር ከሌለ የኋላ ክዳኑን ፈትታችሁ፣ ማብሪያውን አብርታችሁ፣ አጭር ወፍራም ሽቦ አንዱን ጫፍ ድንጋዩ ላይ ጫን፣ ሌላውን ቱቦው ጥርስ ላይ አድርጉ። ብርሃኑ ከወትሮው ደምቆ ከመጣ ጥፋቱ ክዳኑ ወይም ሞላው ላይ ነው፤ ካልደመቀ ወደ ፊት ፈልጉ።

አጸዳዱ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል፤ ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ። በኒኬል የተለበጠ ብረት ልባጩ ከተፋቀ ከስሩ ያለው ቆርቆሮ በጥቂት ጊዜ ይዝጋል። ለተለበጠ ነገር የተማሪ ላጲስ ይበቃል፤ ከላጲሱ በኋላ በአልኮል የረጠበ ጥጥ። ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት የዛገ ሞላ ላይና ቀለም የገባበት ጥርስ ላይ ብቻ ይዋል። ቀለም የገባበት ጥርስ ያልነው በርካሾቹ ላይ የተለመደ የፋብሪካ ጥፋት ስለሆነ ነው፤ ቀለሙ ሲረጭ ጥርሱ ስለማይከለል ቀለም ይገባበታል፣ ስለዚህ አዲስ ባትሪ ከመጀመሪያው ቀን ብልጭ ድርግም ይላል። የብረት ሱፍ አትጠቀሙ፤ ብናኙ ማብሪያው ሥር ገብቶ ሾርት ያደርጋል።

ማብሪያው ተንሸራታች ናስ ነው። ከጊዜ በኋላ ምላሱ ይዝላል፣ ባትሪው ሲወዛወዝ ይጠፋል። ጭንቅላቱን ፈትታችሁ ምላሱን በጠባብ ፒንሳ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደሚነካው ብረት አቅኑት። አንድ ጊዜ፣ በቀስታ። ደጋግሞ የታጠፈ ናስ ይሰበራል፤ ከልክ ያለፈ ከሆነ ደግሞ ቱቦውን ነክቶ ይቀርና ባትሪው አልጠፋ ይላል። የዛለ ሞላም እንዲሁ በጥቂቱ ይሳባል። ከልክ በላይ የተሳበ ሞላ ድንጋዮቹን አምፖሉ ላይ ስለሚጭን የእርሳስ ነጠብጣቡን ይጨፈልቀዋል። ባትሪው በአፍንጫው ሲወድቅ አምፖሉን የሚገድለውም ይኸው ነው፤ ሁለት ከባድ ድንጋይ እንደ መዶሻ ይመታዋል።

አምፖሉ ጋ እንቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አንገቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለሁለት ትላልቅ ድንጋይ የተሠራው ፒአር 2 የሚባለው የአምፖል ዓይነት ነው፤ 2.38 ቮልት፣ 0.5 አምፔር። ሁለት ድንጋይ 3 ቮልት ሆኖ ሳለ አምፖሉ ለምን 2.38 ሆነ ቢባል፣ ድንጋይ ግማሽ አምፔር ሲጠየቅ 1.5 ቮልቱን ይዞ አይቆይም፤ እየወረደ ይሄዳል። አምፖሉ የተለካው በሥራ ላይ ላለ ድንጋይ ነው። ፒአር 3 መልኩ ያው ነው፣ ልኩም ይገጥማል፣ ግን 3.57 ቮልት ለሦስት ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ በሁለት ድንጋይ እንደ ፍም ቀልቶ ይቀራል። በተቃራኒው ፒአር 2ን ባለ ሦስት ድንጋይ ውስጥ ብታስገቡት አንዴ ነጭ ብሎ ይቃጠላል። የአምፖል ዕድሜ ለቮልቴጅ እጅግ ስሱ ነው፤ አምስት በመቶ ቢጨመር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ፒአር 2 በልኩም ቢሠራ የታሰበለት ዕድሜ 15 ሰዓት ያህል ነው። ይህ ድክመት መሆኑን አንክድም። ብርሃን ብዙ የማይፈልግ ሰው ፒአር 6ን ይፈልግ፤ 2.47 ቮልት፣ 0.3 አምፔር ነው፣ ብርሃኑ ግማሽ ገደማ ቢሆንም ዕድሜው እጥፍ ነው፣ ድንጋዩንም ያቆያል። በጥርስ የሚገባ አምፖል ያለው ባትሪ ሌላ ነው፤ እሱ 10 ሚሊሜትር ጥርስ ያለውን አምፖል ብቻ ይወስዳል፣ ሲወዛወዝም ስለሚላላ አልፎ አልፎ ጠበቅ ማድረግ ያሻል። ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ደህና አምፖል ሳይበራ በቴስተር ሲለካ ከአንድ ኦም በታች ያነባል። ሾርት ሆኗል ብላችሁ አትጣሉት። ክሩ ሲቀዘቅዝ ያለው ሬዚስታንስ ሲግል ካለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። አምፖል አብዛኛውን ጊዜ በማብራት ቅጽበት የሚሞተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በቀዘቀዘው ክር ውስጥ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ይገባል።

ስለ ድንጋይ ምርጫ አቋማችን ግልጽ ነው፤ ለዚህ ባትሪ የሚስማማው ተመልሶ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ቮልቴጁ 1.2 ስለሆነ ደካማ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ሲሆን እዚያው አካባቢ ይቆያል፤ ሁለቱ 2.4 ይሰጣሉ፣ ፒአር 2 የሚፈልገው 2.38 ነው። ብርሃኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አካባቢ ሳይለዋወጥ ይዘልቃል። ትልቁ መጠን ካልተገኘ ትንሹን ድንጋይ በፕላስቲክ ማቀፊያ ማስገባት ይቻላል፤ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት አቅም ያለው ለ4 ሰዓት ያህል ያበራል። ማቀፊያው 11 ሚሊሜትር የሚሆነውን የርዝመት ልዩነት የሚሞላ ብረት ጫፉ ላይ እንዳለው እዩ፤ ያለዚያ ድንጋዮቹ አይገናኙም። አልካላይን አቅሙ ትልቅ ነው፣ ሳይነካ ረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ግን በማፍሰሱ ያሰጋል። ርካሹ የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ቶሎ ይደክማል፤ ሲያርፍ ግን መልሶ ስለሚያገግም አሥር ደቂቃ አብርቶ ለሚያጠፋ ሰው ከሚታሰበው በላይ ይቆያል።

ማፍሰሱ የዚህን ባትሪ ነፍስ የሚያጠፋ ብቸኛ ነገር ነው። ሁለቱ ፍሳሾች አንድ አይደሉም። የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ቆርቆሮው ራሱ የሚበላ ዚንክ ስለሆነ ሲያልቅ ይበሳል፤ የሚወጣው አሲድነት አለው፣ ውሃ ውስጥ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይጠረጋል። ከአልካላይን የሚወጣው ነጭ ቅርፊት ደግሞ በተቃራኒው ስለሆነ በአቼቶ የረጠበ ጥጥ ይፈልጋል። በሁለቱም ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ በኋላ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ አቼቶ ብረት ላይ ከቆየ ራሱ ያዝጋል። ድንጋዩ አብጦ ከተጣበቀ እሳት አታስጠጉት። ቱቦው በሁለቱም በኩል ክፍት ነውና ጭንቅላቱን ፈትታችሁ፣ አምፖሉን አውጥታችሁ፣ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው እንጨት ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ ግፉት። አንድ ወር የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

አንጸባራቂውን በጨርቅ አትጥረጉ። በፕላስቲክ ላይ የተነፋው አሉሚኒየም በጣት እንኳ ይገፈፋል፤ አቧራውን እፍ ማለት፣ ካልሆነ በውሃና በአንዲት የሳሙና ጠብታ አለቅልቆ ደፍቶ ማድረቅ ነው። በቆዩት ባትሪዎች ላይ የሚገኘው በብር የተለበጠ ናስ ግን ቢጠቁርም በለስላሳ ጥጥ በጥንቃቄ ይመለሳል፤ ከተገኘ ደስ የሚል ነገር ነው። የጎማ ቀለበቱን ቫዝሊን አትቀቡት፣ የተፈጥሮ ጎማ በቫዝሊን ያብጣል፤ የሲሊኮን ግራሶ ይሻላል።

ብርሃኑስ? ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፣ በብርሃን ቀለም መለኪያ 2500 ኬልቪን አካባቢ። የነገሮችን ቀለም ሳያጎድል ያሳያል፤ በርካሽ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሥር የሚመሳሰሉት ቡናማና ቀይ ሽቦ እዚህ ይለያሉ። ሲያልቅ ቀስ በቀስ እየቀላ ስለሚሄድ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ጭንቅላቱ የሚዞር ከሆነ ጨረሩ ይጠባል፣ ይሰፋል፤ ሲሰፋ መሐሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ይታያል፣ ይህ የአንጸባራቂው ባሕርይ እንጂ ብልሽት አይደለም።

በፒአር አንገት የሚገጥም የኤልኢዲ አምፖል መግዛት ለሚያስቡ፣ ለሁለት ድንጋይ ቮልቴጅ የሚያሳድግ ዑደት ውስጡ ያለውን ምረጡ። ኤልኢዲ 3 ቮልት አካባቢ ስለሚፈልግ፣ ለብዙ ድንጋይ የተሠራው እዚህ ፈዞ ይቀራል። ድንጋዩ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ብርሃኑም ይጨምራል። ኤልኢዲው ግን ወደ ፊት ብቻ ስለሚያበራ አንጸባራቂው ሥራ ይፈታል፤ የጠበበው ጨረር አይገኝም።

ከሌሎቹ ርካሾች ጋር እናወዳድረው። ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ የሚወስደው ባለ 9 ኤልኢዲ ትንሹ ባትሪም የሚወደድ ነው፤ ኤልኢዲዎቹን የሚጠብቃቸው የድንጋዮቹ የውስጥ ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ ግን 4.2 ቮልት የሞላ ሊቲየም አስገብቶ ማበርታት ያቃጥላቸዋል። በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካውን፣ ውስጡ 4 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ያለውን የፕላስቲክ ግን አንመክርም። ርካሾቹ ቮልቴጁን ቀንሶ ከመስመሩ የሚለይ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ 230 ቮልቱን የሚቀንሰው ካፓሲተር የሚባል፣ ኤሌክትሪክ የሚይዝ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፣ 1 ማይክሮፋራድ ከሆነ 70 ሚሊአምፔር ያህል ያሳልፋል። ስለዚህ ተሰክቶ ሳለ ውስጡ ሁሉ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከተነቀለ በኋላም የተያዘውን ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ሬዚስተር ከሌለው የመሰኪያው እግሮች ሊነዝሩ ይችላሉ። ባዶውን ከተቀመጠ ባትሪው ይሞታል፤ በሞተ ባትሪ ሰክቶ ማብራት ደግሞ ኤልኢዲዎቹን ይፈጃል።

የቆርቆሮውን ስትመርጡ ቱቦውን ባዶውን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ውስጡን እዩ፤ ላዩን የዛገ ይጸዳል፣ የተበሳ ግን ይቅር። የኋላ ክዳኑ ሳያንገጫግጭ ሙሉ ዙር መግባት አለበት። አንጸባራቂው ብረት ይሁን፣ የፊቱ ደግሞ እውነተኛ መስታወት። ክዳኑን ስትፈቱ ሞላው መሐል ትርፍ አምፖል የምትቀመጥባት ቦታ ካገኛችሁ እሱኑ ውሰዱ፤ አምፖሏንም ፒአር 2 መሆኗን አይታችሁ፣ በጥጥ ጠቅልላችሁ እዚያው መልሷት።