እሬት ወይስ ካላንቾ? ለደብረ ብርሃን ጥቅምት

ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ብርድ ሲገባ፣ ቤት ውስጥ ምን አበባ ላሳድግ ለሚል ሰው ሁለት ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች አሉ።

እሬት የአገራችን ነው። እንዲያውም ደብራና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ግን ሙሉ ፀሐይና ሰፊ ቦታ ይወዳል። ጨለም ባለ ሳሎን አበባ አትጠብቁበት። ግቢ ላላቸው ይሁን።

ለመስኮት እኔ የምመርጠው ካላንቾን ነው። መነሻው ማዳጋስካር ሲሆን የእንዳሁላችን ዘመድ ነው። የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ስለሆነ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጊዜ ይስማማዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፦ ማታ ማታ አምፖል የሚበራበት ክፍል ካስቀመጣችሁት ሌሊቱ ያጥርበታል፤ እንቡጡም ይዘገያል። ስለዚህ ማታ መብራት የማይበራበት ክፍል፣ ቀን ደግሞ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ፈልጉለት። ሲፈነዳ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ እያንዳንዷ ትንሽ አበባ አራት የአበባ ቅጠል አላት።

ውሃ ለሁለቱም በቁጠባ ነው፤ አፈሩ ሳይደርቅ አትድገሙ። ውርጭ ግን ካላንቾን ይገድለዋል። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ደጅ አታሳድሩት፤ ቅጠሉም የመስኮቱን መስታወት አይንካ።