ያገለገለ ኤስ7-300 በድሬዳዋ ሙቀት፦ የ9 ወር ልምዴ

ባለፈው ኅዳር ለምሠራበት የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ሦስት ያገለገሉ የሲመንስ ኤስ7-300 ዕቃዎች ገዛን (ኤስ7-300 ማሽኖችን በፕሮግራም የሚያዝ መቆጣጠሪያ፣ ፒኤልሲ የሚባለው ነው)፦ ፕሮግራሙን የሚያስኬድ አንድ ሲፒዩ 315-2ዲፒ፣ ለቫልቭና ለመሳሰሉት 24 ቮልት የሚያወጣ ባለ 16 መውጫ ኤስኤም 322 ካርድ እና ፒኤስ 307 ፓወር ሰፕላይ። ሲመንስ የኤስ7-300ን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከመደበኛ ሽያጭ አውጥቶ በመለዋወጫነት ብቻ፣ እስከ 2033 ድረስ አቀርባለሁ ብሏል። አዲሱ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም። ለእኛ ግን ዶላሩና ወረፋው ነው የጠፋው።

መጀመሪያ እዚሁ ድሬዳዋ ያለውን ታይዋን ገበያ ዞሬያለሁ። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ቻርጀር እንደ ልብ ነው፤ የፒኤልሲ ካርድ ስል አንዱ ልጅ በሙሉ እምነት የቴሌቪዥን ቦርድ አወጣልኝ። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ባለሙያ ጎረቤታችን ነገሩን ስነግራቸው፣ «አቦ፣ እኛ ለባቡሩ የጎደለውን በቶርኖ እናወጣ ነበር፤ የእናንተው ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። «አባባ፣ ይሄ በቶርኖ አይወጣም» ብላቸውም አልተዋጠላቸውም።

በመጨረሻ ያገኘሁት አዲስ አበባ አሮጌ ማሽን አፍርሶ ከሚሸጥ ነጋዴ ነው። ካርዱን «አዲስ ነው፣ ካርቶኑ ብቻ ነው የጠፋው» አለኝ። ስቲከሩ ያብረቀርቃል፣ ፕላስቲኩ ግን ቢጫ ሆኗል። የሚሰካበትን ፒን በስልክ መብራት ስታዩት ተሰክቶ የተነቀለበት ጭረት አለ። ፎርጅድ አይደለም፣ ስቲከር የተቀየረለት አሮጌ ነው። እያወቅሁ ገዛሁት፤ የአዲሱን ሲሶ ነው የጠየቀኝ።

ከሦስቱ ያላሳፈረኝ ሲፒዩው ነው። ጥር ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የነባሩ ሲፒዩ ቀይ መብራት በርቶ ቀረ። ፓወር አጥፍቼ ሚሞሪ ካርዱን ነቅዬ ተጠባባቂው ላይ ሰካሁት፤ ሆጃዬ ሳይበርድ መስመሩ ተነሳ። ፕሮግራሙ ያለው ካርዱ ላይ ስለሆነ የትዕዛዝ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ላፕቶፕ እንኳ አያስፈልግም። ያቺን ካርድ ግን እንደ ዓይናችሁ ጠብቋት። ረዳቴ ሌላኛዋን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርግ?» ሲለው እሺ አለ። ውስጧ ያለው የሲመንስ መለያ ተሰርዞ ሲፒዩው ከዚያ ወዲያ አላወቃትም። ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ኦርጅናሉን የፕሮግራም ፋይልም ፈልጋችሁ አስቀምጡ፤ ከሲፒዩው መልሳችሁ ስታወጡት ስምና ማብራሪያው ሁሉ ተራግፎ ባዶ አድራሻ ብቻ ነው የሚመጣላችሁ።

ያቃጠለኝ መውጫ ካርዱ ነው። ኅዳር ላይ ጠረጴዛ ላይ ፈትሼው ነበር። ከጣውላ ላይ 16 አምፖል ደርድሬ መውጫዎቹን አንድ በአንድ አበራሁ። አምፖሎቹ የአይሱዙ የጎን መብራት፣ 24 ቮልት 5 ዋት ናቸው፤ ካርዱ በአንድ መውጫ ለአምፖል የሚፈቅደውም ልክ 5 ዋት ነው። የፍሬቻውን 21 ዋት እንዳትሰኩበት። ሁሉም በራ፣ እኔም ፓኔል ውስጥ ከተትኩት።

ሚያዝያ መጨረሻ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከተማው በርጫ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት የመሙያው ቫልቭ አልከፍት አለ። የካርዱ 6ኛ መብራት አረንጓዴ ነው። ተርሚናሉ ላይ ቴስተር ሳሳርፍ ዜሮ። ያ መብራት ፕሮግራሙ «ክፈት» ማለቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ቮልቴጁ መውጣቱን አይደለም። ማታ ስንመለስ ያው መውጫ እንደ አዲስ ይሠራል! ሦስት ቀን ቫልቩን ስናማ፣ ሽቦ ስንቀይር ከረምን።

አራተኛው ቀን ፓኔሉ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ፣ 54 ዲግሪ አለ። የዕቃው ወረቀት የሚለው ራኩ (ካርዶቹ የሚደረደሩበት ሐዲድ) አግድም ከተገጠመ እስከ 60፣ ቁም ከተገጠመ እስከ 40 ነው። የእኛ ቁም ነበር። አግድም አዞርነው፣ በአቧራ የታፈነውን ማጣሪያም አጠብነው። ካርዱን አውጥቼ ከነጣውላው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አግድም አስቀመጥኩት። 49 ላይ 6ኛው አምፖል ጠፋ። ከነባሮቹ ካርዶች አንዱን በቦታው ስሰካ ግን 16ቱም እየበሩ አመሹ። ጥፋቱ የሙቀቱ ብቻ አልነበረም፣ ካርዱ ራሱ ታማሚ ነበር።

ነጋዴው «ስትወስደው ይሠራ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፣ ይሠራ ነበር።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ ብዙ አልልም። ያለ ጭነት 24.1 ቮልት ይሰጣል፤ አምፖሎቹን ስጭንበት ቴስተሩ በኤሲ ከ1 ቮልት በላይ ያነባል፣ ቮልቴጁን የሚያለሰልሱት ካፓሲተሮች ደርቀዋል ማለት ነው። 105 ዲግሪ የሚችሉትን ቀየርኩለት (እዚህ ላይ ታይዋንን አመሰግናለሁ)፤ እስካሁን ደህና ነው።

ግንቦት ላይ ሁለተኛ ካርድ ስንገዛ ክፍያውን ከሁለት ከፈልነው፦ ግማሹ ሲላክ፣ ግማሹ ጣሪያው ሥር ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን ተፈትሾ ከዋለ በኋላ። የመጀመሪያው ነጋዴ እምቢ አለ፤ ሌላው አጉረምርሞ ተስማማ። ያ ካርድ ይኸው ነሐሴ ድረስ አልተነካም። ታማሚውን አልጣልኩትም፤ 6ኛው ላይ ቀይ ቴፕ ለጥፌ ለረዳቴ መለማመጃ ጣውላው ላይ ትቼዋለሁ።