ሰርተፊኬቱ 96% ይላል፣ ብልቃጡስ? የአንድ ፔፕታይድ መርማሪ ላብ ግምገማ

ለምርምር ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) የምታዝዙ ከሆነ ይህ ግምገማ ለእናንተ ነው። የምጽፈው ስለ አንድ ገለልተኛ ላብ ነው። ሻጭ የላከላችሁን ፔፕታይድ ተቀብሎ፣ ንጽሕናውንና ማንነቱን እንደገና ይመረምራል። ያለው እዚሁ ስዊድን ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከእነሱ ጋር ውል ስላለው ስሙን አልጠራም። ሥራቸው የሚከፈልበት ገንዘብ አይቆጭም። የሪፖርታቸው አጻጻፍና የዋጋ አሠራራቸው ግን መታረም አለበት።

እኔ ስቶክሆልም ውስጥ በአንድ የምርምር ቡድን የላብ ቴክኒሺያን ነኝ። ባክቴሪያ ማሳደግ፣ ዕቃ ማዘዝ፣ ፍሪዘሩን መቆጣጠር የእኔ ድርሻ ነው። አብዝተን የምንጠቀመው ኤልኤል-37 የሚባለውን ፔፕታይድ ነው። የሰው ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ፀረ ባክቴሪያ ነው። 37 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሉሲን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ስለዚህ ፔፕታይድ ዘረመል ከጻፉት ቡድኖች አንዱ የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ቡድን ነበር። ስለዚህ በዚህ ከተማ የማያውቀው የላብ ሰው ጥቂት ነው።

ለአገራችንም ሩቅ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከመደበኛው መድኃኒታቸው ጋር ቫይታሚን ዲ እና ፊኒልቡቲሬት የወሰዱበት ጥናት አለ። ሁለቱ የተመረጡት ሰውነት ኤልኤል-37ን አብዝቶ እንዲያመርት ስለሚገፋፉ ነው። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የካሮሊንስካ ሰዎች አብረው ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ያንን ጥናት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አዲስ የገዛነው ሎት (በአንድ ዙር የተመረተ ፔፕታይድ) ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ በተለመደው መጠን መግደል አቃተው። ፕሌቱ ላይ ጥርት ብሎ ማደር የነበረበት ጉድጓድ ደፍርሶ ያድራል። ደጋገምነው፤ ያው ነው። ባክቴሪያው አልተቀየረም። ሚዲያው አልተቀየረም። የተቀየረው ፔፕታይዱ ብቻ ነው። የሻጩ ሰርተፊኬት ግን አንድም ችግር አያሳይም። ንጽሕና 96%፣ የሞለኪውሉ ክብደት 4493 ዳልተን ይላል። ከሥሩ አንዲት ትንሽ የክሮማቶግራም፣ ማለትም የንጽሕና ምርመራው፣ ሥዕል አለች። ሥዕሏ ላይ የሎት ቁጥር የለም፤ ቀንም የለም። የእኛ ብልቃጥ ይሁን የሌላ ሰው ማን ያውቃል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። እነዚህ ፔፕታይዶች የሚሠሩት ብሩስ ሜሪፊልድ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ዘዴ ነው። ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የነበረ ኬሚስት ነው፤ በ1984 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አሚኖ አሲዶቹ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት ላይ ተይዘው አንድ በአንድ ይቀጠላሉ፤ ከጅራት ወደ ራስ። ለኤልኤል-37 36 ቅጥያ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቅጥያ 99% ቢሳካ እንኳ መጨረሻ ላይ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው 70% ገደማ ነው። የቀረው አንድ ወይም ሁለት አሚኖ አሲድ የጎደለው ነው። አብዛኛው ሲጣራ ይወጣል። ትክክለኛውን በጣም የሚመስለው ግን አብሮ ይቀራል።

ላቡ ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ኬሚስት ናት። ይህን በጣም ወደድኩት። ብልቃጡን ሳትቀበል ብዙ ጠየቀችኝ። ፔፕታይዱ ላይ የተያዘው ጨው ምንድን ነው? ስንት ጊዜ ተከፍቷል? ከፍሪዘር ሲወጣ ወዲያው ነው የምትከፍቱት ወይስ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ትጠብቃላችሁ? ዱቄቱ የአየሩን እርጥበት ይስባል፤ ከዚያ የምንመዝነው ውሃም ጭምር ይሆናል። ለማነጻጸሪያ የድሮውን ጥሩ ሎት አብራችሁ ላኩ ያለችውም እሷ ናት። ትልቅ ምክር ነበር።

መጀመሪያ የሠሩት ኤችፒኤልሲ ነው፤ የተደባለቁ ሞለኪውሎችን የሚለያይ ምርመራ ነው። ፔፕታይዱ በውሃና በአሴቶናይትራይል እየተገፋ ሲ18 በሚባል ኮለም ውስጥ ያልፋል፤ ሲወጣ በ214 ናኖሜትር ብርሃን ይታያል። በሻጩ ፈጣን አሠራር ሲሞክሩት ልክ እንደ ሰርተፊኬቱ 96% ገደማ ወጣ። ሻጩ አልዋሸም ማለት ነው። ከዚያ አሴቶናይትራይሉን በጣም ቀስ ብለው እየጨመሩ ደገሙት። ያኔ ሥዕሉ ላይ ከዋናው ፒክ (ከፔፕታይዱ ጫፍ) ጎን የተለጠፈ ጉብታ ብቅ አለ። ንጽሕናው ወደ 85% ወረደ። ያው ዱቄት፣ ያው ማሽን ነው። የተለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። እነዚህን ሰዎች እንዳመሰግን ያደረገኝ ይህ ነው። ሻጩ የሠራውን ደግመው ቢተዉት ኖሮ ማኅተም ያለው ሌላ 96% ይዘን እንመለስ ነበር።

ጉብታው ምንድን ነው? ይህን የመለሰው የሞለኪውል ክብደት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ነው። ማሽኑ የሚያሳየው ክብደቱን በተሸከመው ፕሮቶን ብዛት አካፍሎ ነው፤ ኤልኤል-37 ደግሞ ብዙ ፕሮቶን ተሸክሞ ስለሚበር በአንድ ቁጥር ላይ አይታይም። አምስት ሲሸከም 899.7 ላይ፣ ስድስት ሲሸከም 749.9 ላይ ይወጣል። መልሳችሁ ብታሰሉት ሁለቱም 4493.3 ይሰጣሉ። የእኛ ሎት እነዚህ አሉት። ከጎናቸው ግን 877.0 እና 731.0 ላይም ምልክት አለ። ይህ ደግሞ 4380.1 ነው። ልዩነቱ 113.2 ዳልተን፣ የአንድ ሉሲን ክብደት ነው።

ጣጣው አይዞሉሲንም ያው ክብደት ያለው መሆኑ ነው። በዚህ ፔፕታይድ ውስጥ አራት ሉሲንና ሦስት አይዞሉሲን አለ። የቱ እንደጎደለ ክብደት ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ ሞለኪውሉን ማሽኑ ውስጥ ሰባበሩት። ጅራቱን የያዙት ስባሪዎች ምንም አልጎደላቸውም። ራሱን የያዙት ሁሉ በ113 ቀለሉ። የጎደለው ከፊት ካሉት ሁለት ሉሲኖች አንዱ ነው ማለት ነው። ቅጥያው ከጅራት ወደ ራስ ስለሆነ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጥያዎች አንዱ በደንብ አልተሳካም። የኬሚስቷን ማብራሪያ ስሰማ ቁጭ ብዬ በወረቀት ደግሜ አሰላሁት። ልክ ነው።

ምርመራው የማያየውንም ጽፈውልናል። ሉሲንና አይዞሉሲን ቦታ ቢለዋወጡ ክብደቱ አይነግራችሁም። አንድ አሚኖ አሲድ ከኤል ቅርጹ ወደ ዲ ቅርጹ (ወደ መስታወት ምስሉ) ቢገለበጥም እንደዚያው፤ ለዚያ ሌላ ምርመራ አለ። ይህን በግልጽ የሚጽፍ ላብ አምናለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ደረስን፤ ይዘቱ። ይዘት ማለት ከዱቄቱ ክብደት ውስጥ ስንቱ ፔፕታይድ እንደሆነ ነው፤ ንጽሕናና ይዘት አንድ አይደሉም። ጤፉ በደንብ ተነፍቶ አንድ ጠጠር ሳይኖረው፣ ኩንታሉ ግን ሚዛን ላይ ሊጎድል ይችላል። ፔፕታይዱም እንዲሁ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ጨውና ውሃ አለ፤ የኤችፒኤልሲው ፐርሰንት ግን እነሱን አይቆጥርም። ኤልኤል-37 ደግሞ ጨው ይወዳል። ስድስት ላይሲን፣ አምስት አርጂኒን፣ አንድ የፊት ጫፍ፤ በድምሩ 12 ቦታ ላይ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ሊይዝ ይችላል። ሁሉም ከተያዙ ከዱቄቱ ወደ ሩብ የሚጠጋው ያ አሲድ ነው። ውሃው ሳይታሰብ ማለት ነው።

በተራ የላብ መሣሪያ በ280 ናኖሜትር እንለካው እንዳትሉ፣ በዚያ ብርሃን በደንብ የሚታዩት ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን ናቸው፤ ኤልኤል-37 ሁለቱም የሉትም። ባዶ ቁጥር ነው የምታገኙት። ስለዚህ የአሚኖ አሲድ ትንተና ተሠራለት። ፔፕታይዱ በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ110 ዲግሪ 24 ሰዓት ይቀቀልና እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ይቆጠራል። ውጤቱ፦ የአዲሱ ሎት ይዘት 64%፣ የድሮው 81%። የድሮው ጨው አሴቴት ነበር፤ እሱ ይቀላል። አዲሱ ትራይፍሎሮአሴቴት ነው። ለካ ሻጩ ከትእዛዝ ወደ ትእዛዝ ጨዉን ቀይሮታል፤ ሰርተፊኬቱ ላይ ግን አልጻፈውም።

እንግዲህ አባዙት። 64% ይዘት፣ ከዚያ ውስጥ 85% ንጹህ። ከመዘንነው 1 ሚሊግራም ውስጥ ትክክለኛው ኤልኤል-37 0.54 ሚሊግራም ገደማ ነው። በድሮው ሎት 0.78 ነበር። ሲሶ ያህል ቀንሷል። የጎደለችው ሉሲን ብቻዋን ባክቴሪያውን አተረፈችው ማለት አልችልም። ነገር ግን መጠናችን እንዲህ ከወረደ ጉድጓዱ ቢደፈርስ ምን ይገርማል? ቡድናችን ከዚህ በኋላ መጠን የሚያሰላው በይዘት ብቻ ነው።

ኢንዶቶክሲንም (ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚመጣ መርዝ) አስመርምረናል። ኤልኤል-37 ራሱ ኢንዶቶክሲንን አጥብቆ ስለሚይዝ ምርመራው ከእውነቱ በታች ሊያነብ ይችላል። እነሱም የታወቀ መጠን ጨምረው፣ ተመልሶ እንደሚነበብ ሞከሩ፤ በደንብ አልተነበበም። ውጤቱን አትመኑት ብለው ጻፉልን። ገንዘቡን ግን አስከፈሉን። ይህን ችግር አስቀድመው መናገር ነበረባቸው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። የሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ «ማንነቱ ተረጋግጧል» ይላል። ሉሲን የጎደለው ሞለኪውል የሚገኘው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። አለቃ የሚያነበው የመጀመሪያውን ገጽ ነው። አለቃዬም «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ብሎኝ ነበር። ያን ያህል ሥራ ሠርቶ ዋናውን ግኝት መደበቅ አግባብ አይደለም። ደግሞ ጥሬ ዳታው ካልጠየቃችሁ አይመጣም። ጠይቁ። የይዘት ምርመራው ብዙ ዱቄት ይበላል፤ ውድ ፔፕታይድ ከሆነ ያማል። እያንዳንዱ ምርመራ ለብቻው ይከፈላል፤ መሰባበሩም፣ ዝግተኛው ኤችፒኤልሲም። ተማሪ በኪሱ የሚችለው አይደለም።

አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ሆናችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ እንዲህ ያለ ላብ በቅርብ ባይኖራችሁም ከማዘዛችሁ በፊት ሻጩን በኢሜይል ጠይቁት። የዚሁ ሎት ክሮማቶግራም ከነቁጥሩ፣ የዚሁ ሎት ማስ ስፔክትረም፣ የጨዉ ዓይነት፣ የተጣራ ይዘት። ሴል ላይ የምትሠሩ ከሆነ አሴቴት ወይም ክሎራይድ እንዲያደርገው እዘዙ፤ ትራይፍሎሮአሴቴት ሴሎችን ሊረብሽ ይችላል። ውጭ የሚሠራ ተባባሪ ካላችሁ ከብልቃጡ ጥቂት ላኩለትና ክብደቱን ብቻ እንኳ ያይላችሁ። የማይመልስ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሌላ ጥያቄም ይመጣብኛል። ጂም የሚሠሩና የሚሮጡ ወዳጆች በኢንተርኔት «ለምርምር ብቻ» ተብሎ የሚሸጥ ቢፒሲ-157 የሚባል ፔፕታይድ ገዝተው፣ ይህ ላብ ይመርምርልን ይሉኛል። ላቡ ከግለሰብ አይቀበልም። ቢቀበልም ከላይ ያነበባችሁት ምርመራ ፈሳሹ ከጀርም ነጻ መሆኑን አይናገርም፤ ለሰው ደኅና መሆኑንም አይናገርም። እኛ የምንገዛው ዱቄት ለፕሌት የተሠራ ነው። ቢፒሲ-157 በሰው መድኃኒትነት አልጸደቀም። ዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዝርዝሩ ከልክሎታል። የምትወዳደሩ ሯጮች፣ እባካችሁ አትንኩት።

ከሻጩ ጋር ያለው ነገር እንዲህ ሆነ። የላቡን ስፔክትረም ሲያይ አልተከራከረም፤ በነጻ ሊተካልን ተስማማ። አዲሱን በአሴቴት አዝዘናል። ሲደርስ ዝግተኛውን ኤችፒኤልሲ፣ ማስ ስፔክትሮሜትሪውንና ይዘቱን ብቻ እናሠራለን፤ ኢንዶቶክሲኑን አናሠራም። ኬሚስቷንም የጎደለው ሞለኪውል መጠን የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲጻፍ ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላኛለች። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱን ክሮማቶግራሞች ጎን ለጎን አድርጌ እዚሁ እጨምራለሁ።