አማርኛ ሊማር የመጣ እንግዳ የት ይረፍ? ባሕር ዳር ወይስ ጎንደር፣ ፔንሲዮን ወይስ ሰው ቤት

ውጭ ተወልዶ ያደገ የእህት ልጅ አላችሁ እንበል። ወይም አማርኛ ካልተማርኩ ብሎ ድርቅ ያለ የውጭ አገር ጓደኛ። ሁለት ሦስት ወር ተቀምጦ ቋንቋውን ማቀላጠፍ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ቢቀመጥ፣ በአማርኛ ሲጠይቅ በእንግሊዝኛ የሚመልስለት ሰው አያጣም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ምርጫው ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ ይወድቃል። እኔ የባሕር ዳር ሰው ነኝና ሚዛኑ ትንሽ ወደ ሐይቁ ቢያጋድል አትፍረዱብኝ።

ከሁሉ በፊት የሰላሙ ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት የመኪና መንገድ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ሁለቱም ከተሞች ኤርፖርት አላቸው፤ ከአዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። የሳምንቱን ሁኔታ እሱ ነው የሚያውቀው። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ያውቃል፤ ልጁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መዝገበ ቃላት ስልኩ ላይ ጭኖ ይምጣ።

ጎንደር፦ ታሪኩ ይጣፍጣል፣ ዳገቱ ያደክማል

አሮጌ ከተማ ውስጥ መማር እፈልጋለሁ ለሚል ሰው ጎንደር አያከራክርም። በ17ኛው መቶ ዘመን አፄ ፋሲለደስ የቆረቆሯት ከተማ ናት። የፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፒያሳ ቡናውን ጠጥቶ የነገሥታቱን ግንብ እያየ ትምህርት መሄድ ባሕር ዳር የለም። ጥር ላይ ከመጣ ደግሞ ጥምቀትን እዚያው ያገኘዋል። ማታ ማታ አዝማሪ ቤት ጎራ ይበል። ግጥሙ ባይገባው ግድ የለም። አዝማሪው ስሙን ጠይቆ፣ ገጥሞበት፣ ቤቱን ሲያስቅበት፣ ምን እንደተባለ ለማወቅ በነጋታው መምህሩን ማስጨነቁ አይቀርም።

ኑሮው ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የጎንደር የውኃ ችግር የቆየ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቤት ስታዩ ከክፍሉ በፊት ሮቶውን እዩ፤ ሮቶ ከሌለ ጀሪካኑን ማን እንደሚሞላ ጠይቁ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ዳገት ቁልቁለቱም ጉልበት ይፈትናል።

ባሕር ዳር እዚህ ላይ ይቀናዋል። ሜዳ ነው። ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሞልቷል፤ ልጁም አንድ ቢገዛ ወይም ቢከራይ የባጃጅ ወጪ ይቀርለታል። (ባጃጅ ከያዘ ግን «ኮንትራት» ማለት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ አስረዱት። ሳያውቅ እሺ ካለ የሚከፍለው የመላ ባጃጁን ነው።) ውኃም መብራትም ሲቋረጥ ይቋረጣል፤ ግን እንደ ጎንደር ሮቶ ፍለጋ አያዞርም።

ጉዱ ወባው ነው። ሐይቁ ዳር ትንኝ አይጠፋም፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አጎበር የሌለው ክፍል ርካሽ ነው ተብሎ አይያዝም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ አያስገልጥም። ያኔ ትምህርቱን ጠዋት ላይ ማድረግ ነው።

አነጋገሩስ? የጎጃሙም የጎንደሩም ቃና አለው፤ ልጁ የለመደው የአዲስ አበባውን ከሆነ ለአንድ ሳምንት ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ለዚህ ብሎ ከተማ መምረጥ አያስፈልግም።

ማደሪያው

እኔን ብትጠይቁኝ ከከተማው ይልቅ የሚወስነው ማደሪያው ነው።

ፔንሲዮን ይመቻል። የራሱ ሻወር አለው፣ ዋይፋይ አለው፣ ደህና ከሆነም ጄኔሬተር አለው። ችግሩ እንግዳ ተቀባዩ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛውን ማሻሻል ይፈልጋል፣ ፈረንጅ ሲያገኝ አይለቅም። ሐይቅ ዳር ወጣ ቢል የጀልባ ደላሎቹ በእንግሊዝኛ ይቀበሉታል። እንዲህ ሆኖ አንድ ወር የከረመ ተማሪ አማርኛው ከ«ሂሳብ» አያልፍም። ዋጋም አለ፦ ለውጭ አገር ዜጋ ለብቻ ተመን የሚያወጡ ሆቴሎች አሉ። በወር ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። የአዳር ዋጋን በ30 አባዝቶ የሚከፍል ሞኝ ነው።

ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል መከራየትም ይቻላል። ይረክሳል። ግን ፍራሽ፣ ምድጃና ባልዲ መግዛት አለ፣ የደላላ አለ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ከሦስት ወር በታች ለሚቀመጥ ሰው ልፋቱ አያዋጣም።

ሰው ቤት ማደር ሌላ ዓለም ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ወይም ግሽ ዓባይ ሰፈር አንድ ቤተሰብ ጋር የገባ ልጅ ከሰዓት በኋላ ከቡና አያመልጥም። ዱካ ላይ ያስቀምጡታል። ፈንዲሻው ይቀርባል። ጎረቤት ይጠራል። ከዚያ ምርመራው ይጀምራል። «አገርህ የት ነው?» «እናት አባት አሉ?» «ስንት ወንድም አለህ?» «አግብተሃል?» አቦሉ ሳያልቅ ሌላ ጎረቤት ትገባለች። ያንኑ ጥያቄ ከሀ ትጀምረዋለች። ቶናው ላይ ሦስተኛዋ ትደርሳለች። በረካው ሲቀዳ ልጁ መልሱን እንደ ውኃ ጠጥቶታል። በነጋታው «ታዲያ እስካሁን ለምን አላገባህም?» ይመጣል፤ ያኔ ምክንያት መደርደር ይማራል። አንድን ጥያቄ በየቀኑ በተለያየ ድምፅ የሚጠይቅ የመማሪያ መጽሐፍ የለም።

የቤቱን አባት «አንተ» ያለ ዕለት ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እማማ ደግሞ «አንቱ በል» ብለው እዚያው ያርሙታል። የሚከፈለው መምህር ግን ይሉኝታ ይዞት እንዲህ ያለውን ስሕተት ያልፍለታል።

ዕዳውም አለ። ለብቻ መሆን የሚባል ነገር የለም። በሩን ዘግቶ ቢያነብ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይባላል። ጠገብኩ ቢል ማን ሰምቶት፣ ጉርሻው ይከተላል። አምሽቶ መግባት አይወደድም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ 55 ቀን ሽሮና ምስር ነው። ያልለመደ ሰው ምሳውን ሐይቅ ዳር ወጥቶ ዓሣ ጥብስ ወይም ጉላሽ ይብላ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ቤት ውስጥ ካነሳ ግን ምሽቱን ሙሉ ሲያዳምጥ ማምሸቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። ዋጋ ሲጠየቁ «እንደ ፈቀድክ፣ ልጃችን አይደለህ?» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከልባቸው ነው። ግን በዚሁ ከታለፈ ልጁ ትንሽ ይከፍላል፣ እነሱ ይከፋቸዋል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። መሐል የሚገባ ሰው ይኑር። የወሩ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ምግብና የልብስ እጥበት ይጨምር እንደሆነ፣ ልጁ ከመግባቱ በፊት ያ ሰው ይጨርስለት።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ፔንሲዮን አርፎ ቤቱን አይቶ ቢገባ ይሻላል። የሚጮህ ውሻ፣ ሌሊት የሚሰማ የድምፅ ማጉያ፣ ውኃ የማይወጣበት ሻወር፣ ሁሉም በአንድ ጉብኝት አይታይም።

መምህሩ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አማርኛን በዲግሪ ያስተምራል። ስለዚህ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ ጠይቃችሁ ቋንቋውን የተማረ ወጣት ታገኛላችሁ። በሰዓት ከመክፈል በሳምንት መስማማት ይሻላል፤ በሰዓት ሲሆን ትምህርቱ በየሰበቡ ይሰረዛል። የፊደል ገበታውን ገፍቶ በላቲን ፊደል ልጻፍለት የሚለውን አትቅጠሩ። ፊደሉ ብዙ ቢመስልም 33ቱን በ7ቱ ቤት ይዞ የሚሄድ ተማሪ ቶሎ ያነበዋል።

ከመስማማታችሁ በፊት አንዱን ትምህርት ገበያ ውስጥ እንዲያስተምር ጠይቁት። ተማሪው ቲማቲም ሊገዛ ቆሞ ሳለ መምህሩ ቀድሞ «ኪሎው ስንት ነው?» ካለለት ሌላ መምህር ፈልጉ።